የአሜሪካ የፖለቲካ ራዲዮ አቅራቢዎች፦ ማን ሾማቸው? ማንስ ይጠይቃቸዋል?

ታክሲ ውስጥም ቡና ላይም ስለእነዚህ ሰዎች ደጋግሜ የተጠየቅኋቸውን ሰብስቤያለሁ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቶክ ራዲዮ የሚሉት ምንድን ነው?

አንድ ሰው ማይክ ፊት ይቀመጥና በቀን ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ያወራል። ሙዚቃ የለም። እንግዳም ብዙም የለም። የዕለቱን ወሬ ያነሳል፣ ይተነትናል፣ ይሳለቃል፣ ይቆጣል። በመሀል ስልክ ይቀበላል፣ ማስታወቂያ ያነባል፣ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። ዜና አንባቢ «እንዲህ ሆነ» ብሎ ያልፋል። እሱ ግን «ይህ የሆነው በእነ እገሌ ምክንያት ነው» ይላችኋል። ወገንተኛነቱን አይደብቅም፤ እንጀራው እሱ ነው።

ስለ ሙያው ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ስም ራሽ ሊምቦ ነው። የሚዙሪ ልጅ ነው። በ1984 ሳክራሜንቶ ጀምሮ እዚያ ስም አወጣ፤ ኦገስት 1988 ደግሞ ኒውዮርክ ሆኖ ለመላው አገር ማሰራጨት ጀመረ። ፌብሩዋሪ 2021 በሳንባ ካንሰር እስኪሞት ድረስ ከ600 በላይ ጣቢያዎች ይቀባበሉት ነበር። ሾን ሃኒቲ፣ ማርክ ሌቪን፣ ላውራ ኢንግራሃም፣ ግሌን ቤክ እሱ በጠረገው መንገድ የመጡ ናቸው።

ድሮም ነበሩ ወይስ አዲስ ነገር ነው?

ነበሩ። በ1930ዎቹ ቻርልስ ኮፍሊን የሚባል የካቶሊክ ቄስ ዲትሮይት አጠገብ ካለው ደብሩ ሆኖ በራዲዮ ይሰብክ ነበር። ስብከቱ ውሎ አድሮ ፖለቲካ ሆነ። መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ደገፈ፣ ከዚያ ዞረበት፣ በመጨረሻ በአይሁዶች ላይ ጥላቻ ይነዛ ጀመር። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያዳምጠው ነበር።

ያስቆመው መራጭም ፍርድ ቤትም አይደለም። መጀመሪያ ጣቢያዎቹ የአየር ሰዓት ነሱት፤ በ1942 ደግሞ የገዛ ጳጳሱ ፖለቲካውን ትቶ በደብሩ ሥራ እንዲወሰን አዘዙት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ከሰማንያ ዓመት በኋላም ብዙ አልተለወጠችም።

«ፌርነስ ዶክትሪን» የሚባለው ሕግ ምን ነበር?

ብዙ ሰው «ለቀኙ አንድ ሰዓት ከሰጠህ ለግራውም አንድ ሰዓት ስጥ» የሚል ይመስለዋል። አይደለም። በ1949 የአሜሪካን ብሮድካስት የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ ኤፍ ሲ ሲ፣ ጣቢያዎች ላይ ሁለት ግዴታ ጣለ። አንደኛው ሕዝብን የሚያከራክሩ ጉዳዮችን እንዲያነሱ፣ ሌላው ደግሞ ሲያነሱ የተቃራኒውን ሐሳብ ጨርሰው እንዳይዘጉ ነው። ደቂቃ ቆጠራ አልነበረውም።

ጥርስ እንደነበረው የምናውቀው ግን ከአንድ ክርክር ነው። በ1964 ፔንሲልቬንያ ባለች ትንሽ ጣቢያ ላይ አንድ ሰባኪ አንድን ጸሐፊ በስም ጠርቶ ዘለፈው። ጸሐፊው መልስ የምሰጥበት ሰዓት ስጡኝ አለ። ጣቢያው ክፈል አለው። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደና በ1969 ጸሐፊው ተፈረደለት። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ የአየር ሞገዱ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ የያዘው ሰው እንደፈለገ አይሆንበትም።

በ1987 ኤፍ ሲ ሲ ራሱ ደንቡን ሻረው። ኮንግረስ በሕግ ሊያጸናው ሞክሮ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሬገን አልፈርምም አሉ። ሊምቦ አገር አቀፍ የሆነው በዓመቱ ነው። «ደንቡ ባይነሳ ሊምቦ አይኖርም ነበር» የሚሉ አሉ። እኔ ግማሹን ነው የምቀበለው። በዚያ ዘመን ሙዚቃው ጠቅልሎ ወደ ኤፍ ኤም ሄዶ የኤ ኤም ጣቢያዎች ባዶ ቤት ሆነው ነበር። ሳተላይት ደግሞ አንዱን ድምፅ መቶ ቦታ ማድረስን ርካሽ አደረገው። ባዶ ቤትና ርካሽ ተከራይ ተገናኙ።

ለምን አብዛኞቹ ቀኝ ዘመም ሆኑ?

ገበያው ነው። ወግ አጥባቂው አድማጭ ትልልቆቹ ቴሌቪዥኖችና ጋዜጦች የእኔ አይደሉም ብሎ ያምን ነበር፤ ስለዚህ የራሱን ድምፅ ሲያገኝ ሙጭጭ አለ። የግራው አድማጭ ብዙ ቦታ ተበትኖ ነበር። ግራዎቹም አልሞከሩም አይባልም። «ኤር አሜሪካ» የሚባል ጣቢያ በ2004 ከፍተው በ2010 በኪሳራ ዘጉት።

ከዚያ ላይ የ1996ቱ የቴሌኮም ሕግ አለ። ከሱ በፊት አንድ ድርጅት በመላ አገሪቱ የሚይዘው የራዲዮ ጣቢያ ቁጥር የተገደበ ነበር። ገደቡ ሲነሳ ክሊር ቻናል የተባለው ኩባንያ ከ1,200 በላይ ጣቢያ ሰበሰበ። ሺህ ጣቢያ ያለው ሰው በየከተማው አቅራቢ አይቀጥርም፤ አንዱን የሚሸጠውን በሁሉም ላይ ይለቀዋል።

በእውነት ምርጫ ይቀይራሉ?

ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ የሚሰጣችሁን ሰው አትመኑ።

በ1994 ሪፐብሊካኖች ከ40 ዓመት በኋላ የተወካዮች ምክር ቤትን ያዙ። አዲስ ገቢዎቹ ሊምቦን ጠርተው የክፍላችን የክብር አባል ነህ አሉት። ማዕረጉ ያምራል፤ ግን ማረጋገጫ አይሆንም። አድማጩ ድሮም ሪፐብሊካን የሚመርጥ ሰው ነበር። ራዲዮው ቀየረው ወይስ የቀዘቀዘውን አሞቀው? ሁለቱ ይለያያሉ። በ2008 ሊምቦ ሪፐብሊካኑ ጆን ማኬይን ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ሆኖ እንዳይመረጥ በየቀኑ ቀሰቀሰ። ማኬይን የፓርቲው ዕጩ ሆነ።

ጡንቻቸው የሚታየው ሌላ ቦታ ነው፤ ጥቂት ሰው በሚወጣበት የፓርቲ ውስጥ ምርጫና የምክር ቤት ስልክ ላይ። በ2014 የተወካዮች ምክር ቤት የብዙኃኑ መሪ ኤሪክ ካንተር ቨርጂኒያ ውስጥ በገዛ ፓርቲው ምርጫ፣ ብዙ ሰው በማያውቀው የኮሌጅ መምህር ተሸነፈ። ላውራ ኢንግራሃም ለመምህሩ በራዲዮም በመድረክም ቆማለት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሪፐብሊካን ሰዎች የሚፈሩት ዴሞክራቱን ሳይሆን ከቀኛቸው የሚመጣውን ሆነ።

እኛን የሚነካው ደግሞ የ2007ቱ ነው። ወረቀት ለሌላቸው ሚሊዮኖች መንገድ የሚከፍት የኢሚግሬሽን ረቂቅ ሴኔት ገባ። ፕሬዚዳንት ቡሽ ደግፈውታል፤ የሁለቱም ፓርቲ ትልልቅ ሰዎች አሉበት። የራዲዮ አቅራቢዎቹ «ምሕረት ነው» ብለው ለሳምንታት አራገቡት፣ ስልክ ቁጥር እየሰጡ ደውሉ አሉ። ድምፅ በተሰጠበት ቀን የሴኔቱ የስልክ መስመር ተጨናንቆ ሥራ አቆመ። ውጤቱ 46 ለ53፤ ረቂቁ ሞተ። ሴናተር ትሬንት ሎት፣ ራሳቸው ሪፐብሊካን ሆነው፣ አገሪቱን የሚመራት ቶክ ራዲዮ ሆነ ብለው አማረሩ። በነገራችን ላይ በዚያው ረቂቅ ውስጥ ዲቪን የሚያስቀር አንቀጽ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ በዲቪ የመጣችሁ፣ ስደተኛ የማይወዱት አቅራቢዎች ሳያውቁት ውለታ ውለውላችኋል።

የሚደውለው ሰው እውነተኛ ነው? ወይስ የተዘጋጀ?

አብዛኛው እውነተኛ ነው። ግን የተመረጠ ነው። የመረጣውን ነገር በራሴ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ሆኜ ስለ ስደተኛ የሚያወራ አንድ ፕሮግራም ላይ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። አንድ ልጅ አነሳው። ስም? ከየት ነው የምትደውለው? ራዲዮህን ዝጋ። ነጥብህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ። ከአቅራቢው ጋር ትስማማለህ ወይስ ትቃወማለህ? «ግማሹን እስማማለሁ» አልኩት። «ጠብቅ» አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ጠፋ።

በማግሥቱ ደግሜ ደወልኩ። «ሙሉ በሙሉ እቃወማለሁ» አልኩ። ብዙም ሳልቆይ አየር ላይ ነበርኩ። አንድ ደቂቃ እንኳን ሳልሞላ ሳቀብኝና ወደ ማስታወቂያ ሄደ። ወረፋው ተንቀሳቅሶ ከኋላዬ ያሉት ጡሩንባ ያጮሁብኝ ነበር።

ልጁ የሚጽፈው አቅራቢው ፊት ባለ ስክሪን ላይ ይወጣል፦ ስም፣ ከተማ፣ ርዕስ፣ ደጋፊ ወይስ ተቃዋሚ። ድምፁ ደግሞ ወደ አየር የሚወጣው በጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ ተሳዳቢ ከመጣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማጥፋት ይቻላል። «ሕዝቡ እየደወለ ነው» ሲባል ይህን አስታውሱ። ግማሽ የሚስማማ ሰው ለራዲዮ አይመችም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከማስታወቂያ። ብዙ ጊዜ ጣቢያው ፕሮግራሙን በጥሬ ገንዘብ አይገዛም። በየሰዓቱ ውስጥ የተወሰኑ የማስታወቂያ ደቂቃዎችን ፕሮግራሙን ለጣቢያዎች ለሚያድለው አከፋፋይ ይለቃል፤ አከፋፋዩ እነሱን ለመላ አገሪቱ ይሸጣል። አቅራቢው በራሱ ድምፅ «እኔም ቤቴ እጠቀምበታለሁ» እያለ የሚያነበው ማስታወቂያ ሁነኛ ገቢ ነው። ወርቅ፣ ፍራሽ፣ እንክብል። ሊምቦ በ2008 የፈረመው የስምንት ዓመት ውል ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር።

ስለዚህ የሚያስደነግጠው ስፖንሰሩ ነው። በ2012 ሊምቦ የወሊድ መከላከያ በኢንሹራንስ ይሸፈን ብላ የተናገረችን አንዲት የሕግ ተማሪ ለሦስት ቀን በነውር ቃል ሰደባት። ስፖንሰሮች ተራ በተራ ወጡ። ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። በ2007 ሌላው አቅራቢ ዶን አይመስ ስለ ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ልጃገረዶች በተናገረው ከሥራ ተባረረ። ኤፕሪል ላይ ወጥቶ ዲሴምበር ላይ በሌላ ጣቢያ ተመለሰ። የገበያ ቅጣት እንዲህ ነው፤ ይፈጥናል፣ ይረሳልም።

ውሸት ቢናገር መንግሥት ፈቃዱን አይነጥቀውም?

አቅራቢው ፈቃድ የለውም። ፈቃዱ የጣቢያው ነው፤ በየስምንት ዓመቱ ይታደሳል። ኤፍ ሲ ሲ ስለ ብልግና ቃል፣ ስለ ማስታወቂያ ግልጽነት፣ ስለ ምርጫ ተወዳዳሪዎች ሰዓት ደንብ አለው። ስለ ፖለቲካ ውሸት ግን እጁ በጣም አጭር ነው፤ የመናገር ነፃነትን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ከፊቱ ቆሟል። ይህ ብዙ የአገራችንን ሰው ያስገርመዋል። ማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለበት አገር ያደገ ሰው «የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት» ሲባል የሚያስበው ሌላ ነው።

አለቃ ግን ይችላል። ከ2020ው ምርጫ በኋላ ኩሙለስ የተባለው የጣቢያዎች ባለቤት ምርጫው አልቋል፣ ተሰረቀ የምትሉ ከሥራ ትወጣላችሁ የሚል ማስጠንቀቂያ ለአቅራቢዎቹ በጽሑፍ ላከ። ጃንዋሪ 2021 ነው፤ ኮንግረሱ በተወረረበት ቀን። ከዚያ በፊት ለሁለት ወር ሲነገር ግን ማንም ማይክ አልዘጋም። ኮፍሊንን ያስታውሳችኋል?

ስሙ የጠፋ ሰው ከሶ ያሸንፋል?

ባለሥልጣን ወይም ታዋቂ ሰው ከሆነ ይከብደዋል። ከ1964 ጀምሮ በጸናው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት ተናጋሪው ውሸት መሆኑን እያወቀ ወይም ግድ ሳይሰጠው መናገሩን ማሳየት አለበት። ተራ ሰው ከሆነ መንገዱ ይቀላል።

ትልቁ ምሳሌ የራዲዮ አቅራቢው አሌክስ ጆንስ ነው። ዲሴምበር 2012 ኮነቲከት ባለው ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ተገደሉ። ጆንስ ለዓመታት ድራማ ነው፣ ወላጆቹ ተዋናዮች ናቸው አለ። ሰሚዎቹ ልጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎችን ይዝቱባቸውና ያሳድዷቸው ጀመር። ወላጆቹ ከሰሱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ጆንስ በክርክር ተረትቶ አይደለም ጥፋተኛ የተባለው። የተጠየቀውን ሰነድ አላስረክብም ስላለ ዳኞቹ ጥፋተኝነቱን ያለ ክርክር ወሰኑ። ከተራው ሕዝብ የተመረጠው ጁሪ የተቀመጠው ካሳውን ለመቁረጥ ነው። በ2022 ቴክሳስ ወደ 49 ሚሊዮን፣ ኮነቲከት 965 ሚሊዮን፤ ቅጣት ተጨምሮ ከቢሊዮን አለፈ። ቴክሳስ ችሎት ላይ ደግሞ የገዛ ጠበቃው ቡድን የስልኩን መልእክቶች በስሕተት ለከሳሽ ጠበቃ ልኮ ተገኘ። ጆንስ ይህን የሰማው ምስክርነት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። በዚያው ዓመት ኪሳራ አወጀ። ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው።

«እኔ አዝናኝ ነኝ» ማለት ያስመልጣል?

ፖለቲካው ውስጥ ሲያስመልጥ አይተናል። በ2009 የሪፐብሊካን ፓርቲ ሊቀመንበር ማይክል ስቲል ሊምቦን አዝናኝ ብሎ አቃለለው። በቀናት ውስጥ ይቅርታ የጠየቀው ሊቀመንበሩ ነው! የፓርቲው መሪ የትኛው እንደሆነ ያን ሳምንት አየን።

ጆንስም በ2017 በልጆች አሳዳጊነት ክርክር ጠበቃው አየር ላይ የሚታየው ትወና ነው ብሎ ተከራክሮለት ነበር። አድማጩ ግን ትወና ነው ብሎ አይደለም የሚሰማው። ከሚስቀው ጋር ሲሆን ቀልድ፣ ከሚያምነው ጋር ሲሆን እውነት፤ እኔ በበኩሌ ይህን ሁለት ወንበር ላይ መቀመጥ ነው የምለው።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ለአንድ ወገን መቀስቀስ እንደ ገንዘብ መዋጮ አይቆጠርም?

ይሄ ጥያቄ በእውነት ፍርድ ቤት ሄዷል። በ2005 ዋሽንግተን ስቴት የነዳጅ ታክስ ሲጨምር ሁለት የሲያትል አቅራቢዎች ታክሱን ለማስሻር ፊርማ እንዲሰበሰብ በየቀኑ ቀሰቀሱ። አንድ ዳኛ ይህ የአየር ሰዓት ለዘመቻው የተሰጠ መዋጮ ነው፣ ዋጋው ይመዝገብ አለ። በ2007 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው፤ የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ መዋጮ ካልሆነ ይሄም አይሆንም ነው ነገሩ። ክርክሩ ሳያልቅ ሕዝቡ በ2005 ድምፅ ሰጥቶ ታክሱ ይቆይ ብሎ ነበር። ያ ሁሉ ቅስቀሳ አልጠቀመም ማለት ነው።

አቅራቢው ራሱ ቢወዳደርስ?

ያኔ ነገሩ ይለወጣል። ዕጩ የሆነ ሰው ድምፁ አየር ላይ ከዋለ ተፎካካሪዎቹ እኩል ሰዓት መጠየቅ ይችላሉ። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከማይኩ ይነሳል። ማይክ ፔንስ በ1990ዎቹ ኢንዲያና ውስጥ የራዲዮ አቅራቢ ነበር፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ከኤር አሜሪካ የተነሳው አል ፍራንከን ሴኔት ገባ። ላሪ ኤልደር በ2021 ካሊፎርኒያ ላይ ለገዥነት ሞክሮ አልሆነለትም። ዳን ቦንጂኖ ደግሞ ሳይወዳደር በ2025 የኤፍ ቢ አይ ምክትል ዳይሬክተር ተባለ።

ለደም መፋሰስ ቢያነሳሳስ?

አሜሪካ ውስጥ መለኪያው የ1969 ውሳኔ ነው፤ ንግግሩ አሁኑኑ ለሚሆን ሕገ ወጥ ድርጊት የታለመና ያንን ሊያስከትል የሚችል መሆን አለበት። ጥላቻ ብቻውን አይበቃም። ለመሙላት ከባድ መስፈርት ነው።

የእኛ አካባቢ ትዝታ ሌላ ነው። ሩዋንዳ ላይ በ1994 አርቴኤልኤም የተባለው ራዲዮ የሚገደሉ ሰዎችን ስምና ያሉበትን ቦታ ይናገር ነበር፤ በ2003 አሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ችሎት በጣቢያው መሥራቾች ላይ ፈረደ። ኬንያ ላይ ደግሞ የካስ ኤፍ ኤም አቅራቢ ጆሹዋ አራፕ ሳንግ ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ በተነሳው ግጭት ሄግ ድረስ ተከሶ ነበር፤ በ2016 ማስረጃው አይበቃም ተብሎ ክሱ ተቋረጠ። አየር ላይ የተናገረውንና ከዚያ የሆነውን ማገናኘት ሄግ ላይም ከብዷል።

አሜሪካ ያሉ የአማርኛ ፕሮግራሞችስ? እነሱንም ሕጉ ይነካቸዋል?

በደንብ። ብዙዎቹ ከአንድ የኤ ኤም ጣቢያ በሳምንት አንድ ሁለት ሰዓት ገዝተው የሚሠሩ ናቸው። ፈቃዱ ግን የባለ ጣቢያው ነው፤ አማርኛ ባይሰማም ኤፍ ሲ ሲ ፊት የሚቆመው እሱ ነው። የውጭ መንግሥት የከፈለበት ፕሮግራም ከሆነ በ2021 የወጣው ደንብ ያ አየር ላይ እንዲነገር ያስገድዳል። ለውጭ መንግሥት እየሠራ የሚቀሰቅስ ሰው ደግሞ በ1938 ሕግ መሠረት ፍትሕ ሚኒስቴር ዘንድ መመዝገብ ሊኖርበት ይችላል።

ዩቲዩብና ፖድካስት ላይ ኤፍ ሲ ሲ የለም። ስም ማጥፋት ግን እዚያም ስም ማጥፋት ነው። በአማርኛ ስለተሳደብኩ ዳኛው አይገባውም ብሎ የሚያስብ ካለ፣ አስተርጓሚ የሚባል ሰው አለ። አገር ቤት ያለ ሰው ከሆነ የሚመለከተው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ነው፤ ይህ እንኳ በእኛው አቆጣጠር ነው። እዚህ ያለ አድማጭ ቅሬታ ካለው ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ፣ ከተቻለ ቀርጾ፣ ለአቅራቢው ሳይሆን ለጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ይላክ። ትርጉሙን አብሮ ካላያያዘ ግን አይነበብም።